ተቋርጦ የተመለሰን ተከታታይ ፊልም ሳይምታታ ለማየት

"አቦ፣ ይሄ ፊልም አልቋል ብለህ አልነበር? ታዲያ ሲዝን 5 የሚባለው ከየት መጣ?"

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ቡና ስጠጣ እጠየቃለሁ። ሳቢያን በባጃጅ ስሄድ እጠየቃለሁ። ቴሌግራም ላይማ ተዉት። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው፦ ጣቢያው አቋርጦት የነበረና በኋላ የተመለሰ ተከታታይ ፊልም በየትኛው ቅደም ተከተል ይታያል? ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና እሱን ልላክ ብዬ ነው።

ሰው የሚሳሳተው አዲሱ ሲዝን ላይ አይደለም። የሚሳሳተው አሮጌው ካቆመበት አዲሱ እስከሚጀምርበት ባለው ክፍተት ነው። እዚያ መሃል ሲዝን ተብሎ ያልተቆጠረ ፊልም፣ ትርፍ ክፍል ወይም እንደገና የተቆረጠ ቅጂ ይደበቃል። ከታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ እሱን ለማግኘት ናቸው።

ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ማን እንደሚሞት፣ ማን እንደሚተርፍ አልናገርም፤ ሳትፈሩ አንብቡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ወረቀትና እስክሪብቶ። ስልክ ላይም ይጻፋል፣ ግን ወረቀቱ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይለጠፍና የቤቱ ሰው ሁሉ ያየዋል።
- ኢንተርኔት ያለው ስልክ፣ ለማጣሪያም ለማውረጃም።
- በፍላሽ ለምታዩ 64 ጊጋ ፍላሽ። 32 ለምን እንደማይበቃ ደረጃ 5 ላይ አለ።
- ላፕቶፕ፣ ከሌለም የጎረቤት ላፕቶፕ ለግማሽ ሰዓት። የፋይል ስም ለመቀየር ነው።
- ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ። ነፃ ነው፤ ስልክም ኮምፒውተርም ላይ ይሠራል።
- ከላፕቶፕ ወደ ቴሌቪዥን የምታገናኙ ከሆነ የኤችዲኤምአይ ገመድ።

ደረጃ 1፦ "ተመለሰ" ሲባል እንዴት እንደተመለሰ ለዩ

ሦስት ዓይነት አመላለስ አለ፤ ሦስቱም የሚታዩበት መንገድ ይለያያል።

አንደኛው፣ አንድ ጣቢያ ሲጥለው ሌላው ቶሎ ያነሳው ነው። ሉሲፈርን ፎክስ በ2018 ከሦስት ሲዝን በኋላ አቋረጠው፤ በወሩ ኔትፍሊክስ ወሰደው። ዴዚግኔትድ ሰርቫይቨርን ኤቢሲ በዚያው ዓመት ጣለው፤ ኔትፍሊክስ በ2019 አሥር ክፍል ጨመረበት። ማኒፌስትን ኤንቢሲ በ2021 አቆመው፤ አራተኛው ሲዝን 20 ክፍል ሆኖ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ብሩክሊን ናይን ናይንን ደግሞ ፎክስ ባቋረጠው ማግስት ኤንቢሲ አነሳው። እነዚህ በተርታ ይታያሉ። ተዋናዩ ያው፣ ታሪኩም ካቆመበት ይቀጥላል።

ሁለተኛው ዓመታት ቆይቶ የተመለሰው ነው። ፕሪዝን ብሬክ በ2009 ቆሞ በ2017 መጣ። 24 የሚባለው ፊልም በ2010 ቆሞ በ2014 መጣ። ዘ ኤክስ ፋይልስ ከ2002 እስከ 2016 ጠፋ። ትዊን ፒክስማ በ1991 ተቋርጦ የተመለሰው በ2017 ነው፤ መጀመሪያ ሲታይ የተወለደ ልጅ ሲመለስ የራሱ ልጆች ሊኖሩት ይችላሉ። ግራ የሚያጋባው ይህ ወገን ነው።

ሦስተኛው ስሙን ብቻ ይዞ የመጣው ነው። የ2016ቱ ማክጋይቨር ከ1985 እስከ 1992 የታየው አይደለም፤ በሌላ ሰው እንደ አዲስ የተሠራ ነው።

ይህን መለየት የሚጠቅመው ጊዜያችሁን ስለሚያተርፍ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ከሆነ አሮጌውን ማየት ግዴታ አይደለም። ሁለተኛው ከሆነ ግን አሮጌውን ሳያዩ መጀመር ከመሃል መግባት ነው። ለመለየት ቀላሉ መንገድ ዋናው ተዋናይ ያው መሆኑን ማየት ነው። ካልሆነ ጠርጥሩ። ለምሳሌ የ2017ቱ 24 ሌጋሲ ዓለሙ የድሮው 24 ዓለም ነው፣ ዋናው ሰው ግን ሌላ ነው። የድሮውን ዋና ሰው ጃክ ባወርን ፈልጋችሁ ከከፈታችሁት አታገኙትም።

እዚሁ ላይ ሌላም ነገር አጣሩ፦ ከተመለሰ በኋላ በአግባቡ አልቋል ወይስ ድጋሚ ተቋርጧል? ሉሲፈርና ማኒፌስት ታሪካቸውን ዘግተዋል። ዴዚግኔትድ ሰርቫይቨርን ግን ኔትፍሊክስም ከአንድ ሲዝን በኋላ ተወው። ያልተቋጨ ታሪክ የሚያናድደው ሰው ቤታችሁ ካለ ከወዲሁ ንገሩት፤ 53 ክፍል አይቶ ከጨረሰ በኋላ ከሚጣላችሁ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ቁጥሩን ወረቀት ላይ አስፍሩ

ምንም ከማውረዳችሁ በፊት እያንዳንዱ ሲዝን ስንት ክፍል እንዳለው ጻፉ። ዊኪፒዲያ ወይም አይኤምዲቢ ላይ የክፍሎቹ ዝርዝር አለ። በብዛት የምጠየቀው ፕሪዝን ብሬክን ስለሆነ በእሱ ላሳያችሁ፦

ሲዝን 1፣ 22 ክፍል
ሲዝን 2፣ 22 ክፍል
ሲዝን 3፣ 13 ክፍል
ሲዝን 4፣ 22 ክፍል
ዘ ፋይናል ብሬክ፣ ሁለት ክፍል የሚያህል ፊልም
ሲዝን 5፣ 9 ክፍል

ድምሩ 90 ነው።

ሲዝን 3 ላይ 13 ብቻ ስታዩ "ጎደለብኝ" ብላችሁ አትደንግጡ። በ2007 መጨረሻ የአሜሪካ የፊልም ጸሐፊዎች ሥራ ስላቆሙ ሲዝኑ አጠረ እንጂ የጠፋ ክፍል የለም። ቁጥሩን አስቀድሞ መጻፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ያለዚያ የሌለ ነገር ስትፈልጉ ዳታችሁ ያልቃል። የእውነት የጎደለውን ደግሞ ጎደለ ብላችሁ አትጠረጥሩም።

ማስጠንቀቂያ፦ ዝርዝሩን ስትከፍቱ ቁጥሩንና ቀኑን ብቻ እዩ። የተዋናዮቹን ዝርዝር አትንኩ። "ይህ ሰው ከሲዝን 1 እስከ 5" የሚል አንድ መስመር ካነበባችሁ ማን በሕይወት እንደሚቆይ አወቃችሁ ማለት ነው፤ ፊልሙ ያኔውኑ አለቀ። ጉግል ላይ የገጸ ባሕሪ ስም መጻፍም ያው ነው። ስሙን ጽፋችሁ ሳትጨርሱ "ሞተ ወይ" የሚለውን ራሱ ይሞላላችኋል።

ደረጃ 3፦ ክፍተቱ ውስጥ የተደበቀውን አውጡ

ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ይህ ነው። አሮጌው ያበቃበትን ዓመትና አዲሱ የጀመረበትን ዓመት ጎን ለጎን ጻፉ። ከዚያ በሁለቱ መሃል በዚያው ስም የወጣ ፊልም ወይም ልዩ ክፍል መኖሩን ፈልጉ።

ፕሪዝን ብሬክ ላይ ይህ ዘ ፋይናል ብሬክ ነው። በ2009 በዲቪዲ ወጣ። ሲዝን ስላልሆነ በፍላሽ የሚዘዋወረው ፎልደር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ሰው ሲዝን 4ን ጨርሶ በቀጥታ ወደ ሲዝን 5 ይገባና "አልገባኝም" ይላል። የሲዝን 4 የመጨረሻ ደቂቃዎች ወደፊት ዘለው ዓመታት ያልፋሉ፤ ፊልሙ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ያን የተዘለለውን ያሳያል። ስለዚህ ሲዝን 4ን እስከ ጫፍ እዩ፣ ፊልሙን እዩ፣ ከዚያ ሲዝን 5ን ጀምሩ። አንዳንዶች ሲዝን 4ን ዝላዩ ላይ አቁመው ፊልሙን መሃል ያስገባሉ። ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርም፤ ፊልሙ የተሠራው መጨረሻውን ላየ ሰው ነው።

(ሲዝን 5 ሰንዓ፣ የመን ነው የሚለን። የተቀረጸው ግን ሞሮኮ ነው። መጋላ ሰፈር ውስጥ የመንን የሚያውቅ ሽማግሌ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ "ይሄማ ሰንዓ አይደለም" ካላችሁ አትከራከሩ።)

የሌሎቹን ባጭሩ፦

24 ላይ ሪደምፕሽን የሚባል የ2008 ፊልም አለ። ቦታው በሲዝን 6 እና 7 መሃል ነው። እሱን ከዘለላችሁ ሲዝን 7 ላይ የሚነሳው የአፍሪካ አገር ጉዳይ ከሰማይ የወረደ ይመስላችኋል። ከሲዝን 8 በኋላ የ2014ቱ ሊቭ አናዘር ዴይ ይመጣል፤ እሱ 12 ክፍል ብቻ ነው። እንደ ቀድሞዎቹ ሲዝኖች 24 ክፍል መሆን ነበረበት ብላችሁ ሌላውን 12 አትፈልጉ።

ኤክስ ፋይልስ ሁለት ፊልም አለው። የ1998ቱ ከሲዝን 5 በኋላ፣ የ2008ቱ ከሲዝን 9 በኋላ ይታያል።

ትዊን ፒክስ ላይ የ1992ቱ ፊልም ከሁለተኛው ሲዝን በኋላ ነው። ታሪኩ ከመጀመሪያው ሲዝን በፊት ያለውን ስለሚያሳይ "እንግዲያው ቀድሜ ልየው" የሚል ብዙ ሰው አለ። አታድርጉት፤ ተከታታዩ ላይ የሚፈለገውን ምስጢር ይነግራችኋል።

ፋየርፍላይ እንደ ተከታታይ አልተመለሰም። 14 ክፍል ተሠርቶለት 11ዱ ብቻ በ2002 ታየና ተቋረጠ፤ በ2005 ሴሬኒቲ በሚል ፊልም ተቋጨ። እዚህ ላይ ሌላ ችግር አለ። ጣቢያው ክፍሎቹን ያሳያቸው እያዘበራረቀ ነው። ስለዚህ በታዩበት ቀን ሳይሆን በዲቪዲው ቅደም ተከተል እዩት። "ሴሬኒቲ" የሚል ስም ያለው የመጀመሪያው ክፍል ከፊልሙ ጋር ስሙ አንድ ነው፤ ሁለቱን አታምታቱ።

ሉሲፈር ላይ ደግሞ ሲዝን 3 ራሱ ውስጥ ነው ነገሩ። 24ኛው ክፍል ልብ ሰቅሎ ያቆማል። ከዚያ 25ኛውና 26ኛው ይመጣሉ፤ ግን ከተሰቀለው ነገር ጋር አይገናኙም። ቀድመው ተሠርተው የቀሩ ትርፍ ክፍሎች ናቸው፤ ፎክስ ፊልሙን ካቋረጠ በኋላ በአንድ ምሽት አሳያቸው። ሰው "ፋይሉ ተምታቶብኛል" ብሎ የሚደውለው እዚህ ጋ ነው። አልተምታታም። ከ24ኛው በቀጥታ ወደ ሲዝን 4 እለፉ፤ ሁለቱን ደስ ባላችሁ ቀን እዩአቸው።

ደረጃ 4፦ የያዛችሁት ቅጂ የትኛው እንደሆነ እወቁ

ይህ የመኒ ሃይስት ጉዳይ ነው። እኛ ዘንድ በዚህ ስም ይታወቅ እንጂ የስፔን ፊልም ነው። አንቴና 3 የሚባል የስፔን ጣቢያ በ2017 በ15 ክፍል አሳይቶ ጨረሰው። አለቀ ተብሎ ተዋናዮቹም ተበታተኑ። ከዚያ ኔትፍሊክስ ገዛው፣ እነዚያኑ 15 ክፍሎች ቆራርጦ 22 አደረጋቸውና ዓለም ወደደው። በዚህ የተነሳ በ2019 ሦስተኛው ምዕራፍ መጣ።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ሁለት ዓይነት ቅጂ አላቸው። የስፔኑ 9 እና 6 ክፍል ነው። የኔትፍሊክሱ 13 እና 9 ክፍል ነው። ታሪኩ አንድ ነው፣ የሚቆረጥበት ቦታ ይለያል።

ለመለየት የአንዱን ክፍል ርዝመት እዩ። 70 ደቂቃ አካባቢ ከሆነ የስፔኑ ነው። ከአንድ ሰዓት በታች ከሆነ የኔትፍሊክሱ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ካለባችሁ የምትሻገሩት ምዕራፍ ሲያልቅ ብቻ ይሁን። ለምሳሌ የስፔኑን 9 ክፍል ከጨረሳችሁ የኔትፍሊክሱን 10ኛ አትክፈቱ፤ ያያችሁትን ነው የሚደግምላችሁ። በቀጥታ የሁለተኛውን ምዕራፍ 1ኛ ክፍል ክፈቱ።

ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ቅጂው አንድ ስለሆነ ጣጣ የለውም። ምዕራፍ 3 ስምንት ክፍል፣ ምዕራፍ 4 ስምንት፣ ምዕራፍ 5 አሥር። ከ22ቱ ጋር ስትደምሩት 48 ይመጣል።

አሬስትድ ዴቨሎፕመንት ላይም ያው ነገር አለ። በ2006 ተቋርጦ በ2013 ሲመለስ አራተኛው ሲዝን 15 ክፍል ነበር፤ በ2018 እንደገና ተቆርጦ 22 ሆነ። ሁለቱንም ካያችሁ አንድ ሲዝን ሁለቴ አያችሁ ማለት ነው። አንዱን ምረጡ።

ደረጃ 5፦ ማግኘትና ቦታ ማዘጋጀት

አሮጌው ሲዝን ያለበት አፕ ላይ አዲሱ ላይኖር ይችላል። የማሳየት መብቱ የተለያየ ድርጅት እጅ ስለሚገባ ነው። በዚያ ላይ መብቱ በአገር በአገር ይከፋፈላል። አሜሪካ ያለች እህታችሁ "እኔ ጋ አለ" ስላለች ድሬ አለ ማለት አይደለም። ስለዚህ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት በራሳችሁ ስልክ ፈልጉት፤ የወረቀታችሁ ሲዝኖች በሙሉ መኖራቸውን አይታችሁ ክፈሉ።

ከአፕ ለምታወርዱ፦ ሌሊት በሌሊት ጥቅል አውርዱ፤ የምስል ጥራቱን መካከለኛ አድርጉት። ሙሉ ሲዝን ባንዴ አታውርዱ። ያወረዳችሁት ነገር ጊዜ ያልፍበታል፤ ኔትፍሊክስ ላይ አንዳንዱ ማየት ከጀመራችሁ በኋላ በ48 ሰዓት ይዘጋል። በሁለት ቀን የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ውሰዱ። ደግሞ ከአፕ የወረደ ፊልም ፍላሽ ላይ ቢገለበጥ አይከፈትም፤ እዚያው ስልኩ ላይ ነው የሚታየው።

በፍላሽ ለምትይዙ፦ አስቀድማችሁ አስሉ። የአንዱ ክፍል መጠን 350 ሜጋ ከሆነና 90 ክፍል ካላችሁ ከ30 ጊጋ ትንሽ ያልፋል። 32 ጊጋ የሚል ፍላሽ ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩት የሚያሳየው 29 ጊጋ ተኩል አካባቢ ነው። አይገባም። የሚቀረው ደግሞ ሁሌም መጨረሻው ነው፤ መጨረሻው ማለት የተመለሰው ሲዝን፣ ያው የፈለጋችሁት።

ከሰው ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ ቁጠሩ። ወረቀቱን አውጡ፣ ፎልደሩን ክፈቱ፣ የፋይሉን ቁጥር አስተያዩ። አሸዋ ገበያ ቲማቲም ስትገዙ ከሥር ያለውን አገላብጣችሁ ታዩ የለ? እንዲያ ነው። ቤት ከገባችሁ በኋላ ጎደለ ብሎ መመለስ የባጃጅ ሒሳብ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቴሌግራም ላይ "ሲዝን 6 ወጣ" የሚል ፋይል ሲመጣላችሁ የስሙን መጨረሻ እዩ። ኤፒኬ ወይም ኢኤክስኢ ካለው ቪዲዮ አይደለም፣ ስልካችሁ ወይም ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚጫን ነገር ነው። አትክፈቱ። መጠኑም ይናገራል፤ 45 ደቂቃ የሚሆን ክፍል 5 ሜጋ አይሆንም።

ማስጠንቀቂያ፦ አንዱ ፋይል ከ4 ጊጋ በላይ ከሆነና ፍላሹ "ቦታ አለኝ" እያለ እምቢ ካለ፣ የተሠራበት ፎርማት ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል የማይቀበለው ፋት32 ነው ማለት ነው። ፎርማቱን ወደ ኤክስፋት መቀየር ይቻላል፤ ግን ፍላሹ ላይ ያለው በሙሉ ይጠፋል። የሠርግ ፎቶ ካለበት መጀመሪያ አውጡት። አሮጌ ቴሌቪዥን ደግሞ ኤክስፋትን ላያነብ ስለሚችል በአንድ ትንሽ ፋይል ሞክሩት።

ደረጃ 6፦ ፋይሎቹን በቁጥር ሰይሙ

ቴሌቪዥን ፋይል የሚደረድረው በስም ነው። 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ከሰየማችሁ ብዙው ቴሌቪዥን 1፣ 10፣ 11፣ 12 ብሎ ከዚያ 2 ይላል። ቤተሰብ ተሰብስቦ አንደኛውን ጨርሶ አሥረኛውን የሚከፍተው በዚህ ነው።

በአራት አኃዝ ሰይሙ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲዝን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ክፍል። 0101 ማለት ሲዝን 1 ክፍል 1። 0213 ማለት ሲዝን 2 ክፍል 13። በአማርኛ ፊደል አትሰይሙ፤ አንዳንድ ቴሌቪዥን ፊደላችንን አያውቀውም፣ ሳጥን ሳጥን ብቻ ያሳያል። ቁጥር ግን ሁሉም ያነባል።

የዚህ አሰያየም ዋና ጥቅሙ ክፍተቱ ውስጥ ያለውን ፊልም ቦታው ማስቀመጥ መቻሉ ነው። የፕሪዝን ብሬክ ሲዝን 4 በ0422 ያልቃል። ዘ ፋይናል ብሬክን 0423 በሉት፤ በሁለት ፋይል ከሆነ ሁለተኛውን 0424። ከዚያ 0501 ይከተላል። ፊልሙ "ፊልሞች" የሚል ሌላ ፎልደር ውስጥ ከተቀመጠ ማንም አያየውም።

ደረጃ 7፦ ሰብታይትሉን ከፊልሙ ጋር አጋቡ

የሰብታይትሉ ፋይል ስም ከቪዲዮው ስም ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ቦታውም እዚያው ፎልደር። ቪዲዮውን 0423 ብላችሁ ሰብታይትሉን በድሮ ስሙ ከተዋችሁት ቴሌቪዥኑ አያገኘውም።

ጽሑፉ ከንግግሩ የሚቀድም ወይም የሚዘገይ ከሆነ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል መጠን ከዘገየ ይስተካከላል፤ ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ ከፍታችሁ የጂ እና የኤች ቁልፎችን እየነካችሁ ወደፊትና ወደኋላ ውሰዱት። መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ የሚራራቅ ከሆነ ግን አትልፉ። ለሌላ ቅጂ የተሠራ ሰብታይትል ነው፤ ሌላ ፈልጉ። መኒ ሃይስት ላይ ለ70 ደቂቃው የተሠራው ለአጭሩ አይሆንም።

ሁሉንም አንድ በአንድ መሞከር አያስፈልግም። ከአሮጌው አንድ፣ ከፊልሙ፣ ከአዲሱ አንድ ክፈቱ። ሦስቱ ከሠሩ አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ይሠራል።

ደረጃ 8፦ አሁን እዩ

አሮጌውን ከዓመታት በፊት ያየ ሰው አዲሱን ከመጀመሩ በፊት የአሮጌውን የመጨረሻ ሁለት ክፍሎች ይድገም። ሁሉንም መድገም አያስፈልግም። የተመለሰ ፊልም መጀመሪያ የሚይዘው የተተወውን ክር ነው፤ ያ ክር ያለው መጨረሻ ላይ ነው። "ያለፈው ክፍል" ብሎ የሚያሳየው የደቂቃ ቅንጭብ አይበቃም።

በበርጫ ሰዓት በቡድን የምታዩ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ማን የት እንደደረሰ ተጠያየቁ። ከኋላ ያለው የደረሰበት ላይ ነው የሚጀመረው። ቀድሞ ያየ ካለ ዝም እንዲል ይማል፤ ካልማለ ቡና ያፍላ።

መብራት ሲሄድ ሁለት ነገር አድርጉ። የደረሳችሁበትን ደቂቃ ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ ብዙ ቴሌቪዥን ከፍላሽ ሲያጫውት ቦታውን አይዝም። ከዚያ መብራቱ ሳይመለስ ፍላሹን ንቀሉ። መብራት ሲመለስ እየበራ እየጠፋ ከሆነ የተሰካ ፍላሽ ሊበላሽ ይችላል፤ 90 ክፍል ባንዴ ይሄዳል።

ላፕቶፕ ፍራሽ ላይ አታስቀምጡ። የድሬ ከሰዓት ሙቀት ላይ ማናፈሻው ከተዘጋ ፊልሙ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ከዚያ ላፕቶፑ ራሱን ያጠፋል። ጠረጴዛ ወይም ትሪ ይበቃል። ሐረር ያላችሁ ይህችን ዝለሏት፤ የናንተ አየር ይለያል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

"አዲሱ ይበልጣል" ብሎ ከሲዝን 5 መጀመር። የተመለሰ ሲዝን የተሠራው አሮጌውን ላየ ሰው ነው። ሰውየው በር ከፍቶ ሲገባ ሁሉም የሚደነግጥበት ቦታ አለ፤ ያላየ ሰው "ማነው?" ይላል።

ምዕራፍና ሲዝንን ማደባለቅ። መኒ ሃይስት ላይ አንዳንዱ ምዕራፍ 1 እና 2ን አንድ ሲዝን አድርጎ ይቆጥራል። ጓደኛችሁ "ሲዝን 2 ላይ ነኝ" ሲላችሁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ሳይሆን ምን እንዳየ ጠይቁት። ዘረፋው የት ነው ብትሉት ይበቃል፦ የገንዘብ ማተሚያው ከሆነ ምዕራፍ 1 ወይም 2 ነው፤ የስፔን ባንክ ከሆነ ከ3 ወዲህ ነው።

በሁለት የተከፈለ ሲዝን ግማሹን አይቶ አለቀ ማለት። የማኒፌስት አራተኛ ሲዝን 10 ክፍሉ በኖቬምበር 2022፣ ሌላው 10 በጁን 2023 ወጣ። የሉሲፈር አምስተኛ ሲዝንም እንዲሁ 16 ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ በ2020 እና በ2021 ነው የወጣው። ፎልደራችሁ ውስጥ 8 ብቻ ካለ ግማሹ ነው ያላችሁ።

ዩቲዩብ ላይ ያለ ትሬለር ማመን። የድሮ ፊልም ቆራርጠው "አዲሱ ሲዝን" የሚሉ ብዙ ናቸው። ትሬለሩ የወጣው በጣቢያው ወይም በአፑ በራሱ ቻናል ካልሆነ ተዉት።

የመጨረሻው ጥያቄ ሁሌ በርሊን ነው። በርሊን በ2023 መጨረሻ የወጣ፣ የመጀመሪያ ሲዝኑ ስምንት ክፍል ያለው ሌላ ተከታታይ ነው። ታሪኩ ከመኒ ሃይስት በፊት ያለ ቢሆንም የምታዩት 48ቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ነው፤ ፋይሉን 0601 ብላችሁ ብትጀምሩት ቦታውን ይይዛል። በ2022 የወጣው የኮሪያው መኒ ሃይስት ግን ደረጃ 1 ላይ ካልናቸው ከሦስተኛው ዓይነት ነው፣ ያው ታሪክ በሌሎች ተዋናዮች የተሠራ። ለብቻው ፎልደር አውጡለት።